የማስተላለፊያ ሻፍት ኮላር መረጣ፦ ከልኬት እስከ ማጥበቅ፣ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ማሽኑ

በሰንሰለት የሚነዳ ማጓጓዣ ነው። ዋናው ሻፍት፣ ማለትም የሚዞረው ዘንግ፣ 25 ሚሜ ውፍረት አለው፤ ሻፍቱ በሚዞርባቸው ሁለት የኳስ ቤሪንጎች መካከል ያለው ርቀት 900 ሚሜ ነው፤ በደቂቃ 180 ዙር ይዞራል። ቤሪንጎቹ በካታሎግ ቁጥራቸው 6205 ናቸው። ከዋናው ሻፍት ጎን 20 ሚሜ የሆነ፣ ገጹ በሙቀት የጠነከረ መሪ ዘንግ አለ። በዘንጉ ላይ 12 ኪሎ የሚመዝን ገፊ ጋሪ ይመላለሳል፤ በጉዞው ሁለት ጫፎችም ጋሪውን ኮላር፣ ማለትም ዘንግ ላይ ገብቶ የሚጠብቅ ቀለበት፣ ያቆመዋል።

ሻፍቱ ላይ በቶርኖ የወጣ ትከሻ፣ ማለትም ዕቃ የሚደገፍበት ደረጃ፣ የለም። ስለዚህ ቤሪንጎቹንም ስፕሮኬቱንም (ሰንሰለቱ የሚያርፍበትን ባለ ጥርስ ጎማ) በቦታቸው የሚያቆያቸው ኮላር ብቻ ነው። በጠቅላላ 8 ቦታ አለ፤ በእያንዳንዱ ቤሪንግ ግራና ቀኝ 4፣ በስፕሮኬቱ ግራና ቀኝ 2፣ በመሪው ዘንግ ላይ 2። እስካሁን ሁሉም ቦታ የተሞላው በአንድ ዓይነት ኮላር ነበር፤ ጎኑ ላይ አንድ ራስ የሌለው ብሎን ያለበትና ብሎኑ ሻፍቱን ወግቶ የሚይዝ። የታዩት ችግሮች ሦስት ናቸው፦ ስፕሮኬቱ ወደ ጎን ይሸሻል፤ የአንዱ ቤሪንግ ማሸጊያ ተፍቆ ተበልቷል፤ የመሪው ዘንግ ማቆሚያ በየጊዜው ከምልክቱ ይርቃል።

ሦስቱም ችግሮች አንድ ኮላር በሌላ ጠንካራ ኮላር ቢተካ ይወገዳሉ ብሎ መጀመር ይቻላል። እኛ የጀመርነው ከሻፍቱ ነው። ኮላር የሚይዘው ሻፍቱ እስከፈቀደለት ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ካታሎግ ከመገለጡ በፊት የሻፍቱ ውፍረት፣ የገጹ ጥንካሬ እና የኮላሩ ፊት የሚነካው ነገር መታወቅ አለባቸው።

የነበረውን ማውለቅ

ወጊ ብሎኖቹ ተፈቱ፤ ኮላሮቹ ግን አልተንሸራተቱም። የብሎኑ ጫፍ ክብ ጠርዝ ያለው ጽዋ መሰል ነው፤ ሲጠብቅ ሻፍቱን ይበሳና ዙሪያውን ብረት ወደ ላይ ያነሳል። ያ የተነሳ ብረት ከኮላሩ ቀዳዳ ከፍ ስለሚል ኮላሩን እንደ ሽብልቅ ያግተዋል። በመዶሻ ከተመታ ኮላሩ ያንን ስለታም ብረት በሻፍቱ ርዝመት እየጎተተ የቤሪንጉን መቀመጫ ይቧጥጣል። ትክክለኛው መንገድ ብሎኑን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ኮላሩን ሩብ ዙር ማዞርና ቀስ እያሉ መሳብ ነው። ከወጣ በኋላ የተነሳው ብረት በደቃቅ ሞረድ ይስተካከላል፤ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ጥፍር ሲያልፍበት የማይነካ እስኪሆን ድረስ። ጉድጓዱ ቢቀር ጉዳት የለውም፤ ከፍ ያለ ነገር መቅረት ግን የለበትም።

መሪው ዘንግ ላይ የታየው ተቃራኒው ነው። ብሎኑ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ብቻ ትቷል፤ አልወጋም። የዚህ ዓይነት ዘንግ የገጹ ጥንካሬ ሮክዌል ሲ በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ ብዙውን ጊዜ ከ58 እስከ 62 ሲሆን፣ የተለመደው ወጊ ብሎን ከ45 እስከ 53 አካባቢ ነው። ለስላሳው ጠንካራውን አይወጋውም። ማቆሚያው ከምልክቱ የሚሸሸው ስላልጠበቀ አይደለም፤ የቱንም ያህል ቢጠብቅ የሚነክሰው ነገር ስለሌለው ነው። ወጊ ብሎን ከመሪው ዘንግ ላይ በዚሁ ወጣ።

ልኬት

በካሊፐር ሳይሆን በማይክሮሜትር ነው የተለካው። ካሊፐር ሁለት መቶኛ ሚሊ ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ እዚህ የምንፈልገው ልዩነት ደግሞ ያንኑ ያህል ነው። እያንዳንዱ የኮላር ቦታ በሁለት አቅጣጫ፣ በ90 ዲግሪ ልዩነት ተለካ፤ ሻፍቱ ሞላላ ከሆነ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲለካ አይታይም።

የቤሪንጎቹ መቀመጫዎች የተሞረዱ ናቸው፦ 24.99 ሚሜ። ይህ በትንሹ ኤች 6 (h6፣ ለሻፍት ውፍረት የተፈቀደ የልዩነት ወሰን) ውስጥ ነው፤ ለ25 ሚሜ ከ24.987 እስከ 25.000። የመካከለኛው ክፍል በቶርኖ ብቻ የወጣ ነው፦ 24.96 ሚሜ፤ ይህ በትንሹ ኤች 9 ውስጥ ይገባል፤ ከ24.948 እስከ 25.000። መሪው ዘንግ 19.99 ሚሜ ነው፤ ትንሹ ኤች 6።

የኮላሩ ቀዳዳ በትልቁ ኤች 8 (H8፣ ለቀዳዳ የተፈቀደ ወሰን) ከተሠራ እስከ 25.033 ሊደርስ ይችላል። ሻፍቱ በዝቅተኛው የኤች 9 ልክ ላይ ቢሆን ክፍተቱ 0.085 ሚሜ ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ኮላሩ ግን አጭር ነው። 15 ሚሜ ስፋት ያለው ኮላር በዚያ ክፍተት ውስጥ ጋደል ሊል ይችላል፤ ውጫዊ ውፍረቱ 45 ሚሜ ከሆነ ፊቱ 0.085 በ45 ተባዝቶ ለ15 ሲካፈል፣ እስከ 0.25 ሚሜ ድረስ ሊወዛወዝ ይችላል። ፊቱ በ0.05 ሚሜ ልክ የተሠራ ውድ ኮላር ተገዝቶ በላላ ሻፍት ላይ ቢገባ ያ ጥራት ይባክናል።

እዚህ ላይ ሌላ ነገር ታየ፦ የቤሪንጉ መቀመጫ የተሞረደው ከቤሪንጉ ስፋት ጥቂት ብቻ አልፎ ነው። ከጎኑ የሚገባው ኮላር ግማሹ በ24.99 ላይ፣ ግማሹ በ24.96 ላይ ይቀመጥ ነበር። ሻፍቱን ዙሪያውን የሚጨብጥ ኮላር በእንዲህ ያለ ደረጃ ላይ ሲጠብቅ የሚይዘው ወፍራሙን ጫፍ ብቻ ነው፤ ፊቱም ያዘነብላል። ሻፍቱ ወደ ቶርኖ ቤት ተመልሶ የተሞረደው ርዝመት በእያንዳንዱ ጎን በ22 ሚሜ ተጨመረ፤ 5 በቤሪንጉና በኮላሩ መካከል ለሚገባው ቀለበት (ስፔሰር)፣ 15 ለኮላር፣ 2 ለትርፍ። ለዚህ መካከለኛው ክፍል ቀድሞውኑ ቀጭን ስለነበር ጫፉን ወደ 24.96 መቀነስ ሳይሆን ብረት መሙላትና እንደገና መሞረድ ጠይቋል። አዲስ ሻፍት የሚያሠራ ሰው የተሞረደውን ርዝመት ከመጀመሪያው ኮላሩን ጨምሮ ቢያዝ ይህ ሁሉ አይመጣም።

ዓይነቱን መምረጥ

በክሊፕ፣ ማለትም ሻፍቱ ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ በሚገባ ስስ ቀለበት፣ መያዝ ታስቦ ቀርቷል። ለ25 ሚሜ ሻፍት የውጭ ክሊፕ ቦይ ሻፍቱን እስከ 23.9 ሚሜ ያጠባል፤ ሹል ጥግ ያለው ቦይ ሻፍቱ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ስንጥቅ የሚጀምርበት ነው። ቦታውንም ማስተካከል አይቻልም።

ባለ አንድ ቁራጭ ጨባጭ ኮላር በአንድ በኩል የተሰነጠቀ ቀለበት ነው፤ አንድ ብሎን ስንጥቁን ይዘጋዋል። ሻፍቱን አይወጋም፤ ዙሪያውን ይጨብጣል። ድክመቱ ሁለት ነው። ከሻፍቱ ጫፍ ብቻ ነው የሚገባው። ሌላው፣ ከብሎኑ ኃይል የተወሰነው ቀለበቱን ለማጠፍ ይውላል፤ ሻፍቱ በቀጠነ ቁጥር ቀለበቱ ገጹን እስኪነካ የሚባክነው ይጨምራል።

ባለ ሁለት ቁራጩ ሙሉ በሙሉ ይለያያል። ከቀለበት ማጠፍ የሚባክን ኃይል ስለሌለ የሁለቱም ብሎኖች ኃይል በሻፍቱ ላይ ያርፋል፤ ቤሪንግ ሳይነቀል ይገባል፣ ይወጣል። ብሎኖቹ ተቃራኒ አቅጣጫ ከገቡ ሚዛኑም የተሻለ ነው። ሚዛን እዚህ የሚያስጨንቅ አይደለም፦ ከመሃሉ 18 ሚሜ ርቀት ላይ የ8 ግራም ልዩነት በደቂቃ 180 ዙር የሚፈጥረው ኃይል 0.05 ኒውተን ብቻ ነው። በ3000 ዙር ቢሆን ያው 8 ግራም 14 ኒውተን ይሆናል፤ እዚያ መታሰብ አለበት።

የተወሰነው፦ በሁለቱ የሻፍት ጫፎች፣ ከቤሪንጎቹ ውጭ በኩል፣ 2 ባለ አንድ ቁራጭ። በቀሩት 6 ቦታዎች ሁሉ ባለ ሁለት ቁራጭ፤ ስፕሮኬት ሲለወጥ ሻፍቱ መውረድ የለበትም፣ የመሪው ዘንግ ጫፎችም በብሎክ የተያዙ ናቸው። ኮላሮቹ ሁሉ 15 ሚሜ ስፋት፣ ኤም 6 (6 ሚሜ) ብሎን፣ የጥንካሬ ደረጃው 12.9። የ25ቱ ውጫዊ ውፍረት 45 ሚሜ፣ የ20ው 40 ሚሜ ነው። በጠቅላላ 14 ብሎን።

ከመግዣ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። 1 ኢንች 25.4 ሚሜ ነው። የኢንች ኮላር በ25 ሚሜ ሻፍት ላይ በቀላሉ ይገባል፣ ብሎኑም ይጠብቃል፣ በእጅ ሲሞከርም አይነቃነቅም። የ0.4 ሚሜ ክፍተት ስላለው ግን ሻፍቱን የሚነካው በጥቂት መስመሮች ብቻ ነው፤ ጭነት ሲመጣ ይንሸራተታል። እያንዳንዱ የመጣ ኮላር ሻፍቱ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቀዳዳው ይለካ።

የመያዝ ኃይል

የብሎኑ የመሳብ ኃይል ግምት የሚገኘው የማጥበቂያ ቶርኩን (ብሎኑ የሚዞርበትን ጉልበት) ለ0.2 እና ለብሎኑ ውፍረት በማካፈል ነው። ለኤም 6 በ16 ኒውተን ሜትር፦ 16 ሲካፈል ለ0.2 ሲባዛ 0.006፣ ወደ 13,300 ኒውተን። 0.2 ለደረቅ ጥርስ ነው። የተቀባ ጥርስ 0.15 ቢሆን ያው 16 ኒውተን ሜትር 17,800 ኒውተን ይሆናል። የኤም 6 ብሎን የመሳቢያ ስፋት 20.1 ካሬ ሚሜ ነው፤ በ12.9 ደረጃ ሳይለጠጥ የሚችለው 19,500 ያህል ነው። ስለዚህ የብሎን ጥርስ በዘይት ነክሮ በደረቅ ቶርክ ማጥበቅ ብሎኑን ወደ መለጠጫው ጠርዝ ያደርሰዋል። አምራቹ ቶርኩን የሰጠው ለየትኛው ሁኔታ እንደሆነ ይነበብ፤ ብሎኑም በዚያው ሁኔታ ይግባ።

ባለ ሁለት ቁራጭ ኮላር በሻፍቱ ላይ የሚያሳርፈው ጠቅላላ ግፊት ቢያንስ የአንድ ብሎን ኃይል 4 እጥፍ ነው፤ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ከሻፍቱ ጋር ቢገጥም እስከ 6.28 እጥፍ ይደርሳል። የሰበቃ መጠኑን 0.12 ብንወስድ ዝቅተኛው 13,300 በ4 በ0.12 ተባዝቶ 6,400 ኒውተን ነው። እኛ የምንሠራው በዝቅተኛው ነው፤ ለዕቅድም ግማሹን፣ 3,200 ኒውተን እንወስዳለን።

ለቤሪንጎቹና ለስፕሮኬቱ ይህ ከበቂ በላይ ነው። በትክክል የተሰለፈ ሰንሰለት ወደ ጎን የሚገፋው ጥቂት ነው። ቶርኩን ደግሞ 8 በ7 ሚሜ የሆነው ኪ፣ ማለትም ስፕሮኬቱን ከሻፍቱ ጋር አብሮ የሚያዞረው ብረት፣ ይሸከመዋል፤ ኮላር ማስተላለፍ የለበትም። ሰበቃው አንድ ነው፤ በመዞር ላይ የዋለው ያህል ከመግፋት ላይ ይቀነሳል።

የቤሪንጉ ማሸጊያ ለምን ተበላ

የ6205 የውጭ ውፍረት 52 ሚሜ ነው። የውስጥ ቀለበቱ ትከሻ ወደ 34 ሚሜ አካባቢ ያበቃል፤ ከዚያ ውጭ ማሸጊያው ነው። 40 ሚሜ የነበረው አሮጌ ኮላር በቀጥታ ቤሪንጉ ላይ ሲደገፍ ፊቱ የሚዞረውን የውስጥ ቀለበት አልፎ በማይዞረው ማሸጊያ ላይ ያርፋል። አዲሱ ኮላር 45 ሚሜ ስለሆነ ይባሱን ይደርሳል። ትልቅ ኮላር ማለት የተሻለ ድጋፍ ማለት የማይሆንበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

መፍትሔው ስፔሰር ነው፤ ውጫዊ ውፍረቱ 32 ሚሜ፣ ስፋቱ 5 ሚሜ፣ ሁለቱ ፊቶች በ0.01 ሚሜ ውስጥ ትይዩ። ከ31 ሚሜ በታች ከሆነ የውስጥ ቀለበቱ ክብ ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ ከ34 በላይ ከሆነ ማሸጊያውን ይጠጋል። 4 ስፔሰር ከአንድ ብረት ተከታትለው ተቆረጡ፤ ሁለቱም ፊቶች በአንድ ላይ ተሞረዱ።

ከዚያ የፊቱ ውዝዋዜ ተለካ። ሻፍቱ በራሱ ቤሪንጎች ላይ፣ የዳያል ጌጁ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በቀስት የሚያሳይ መለኪያ) ጫፍ በኮላሩ ፊት ላይ ከጠርዙ 3 ሚሜ ገባ ብሎ። አሮጌው ኮላር በመካከለኛው ክፍል ላይ 0.14 ሚሜ አሳየ፤ አዲሱ በተሞረደው መቀመጫ ላይ 0.03። አንዳንድ አምራቾች ከቀዳዳው ጋር በአንድ አያያዝ የተቆረጠውን ፊት በቀጭን ክብ ጭረት ይለዩታል። ወደ ቤሪንጉ ወይም ወደ ስፔሰሩ የሚዞረው ያ ፊት ነው፤ ሌላኛው ፊት ያንን ልክ ላይጠብቅ ይችላል። ከተገጠሙት አንዱ ተገልብጦ ገብቶ 0.08 አሳይቶ ነበር፤ ሲገለበጥ ወደ 0.03 ወረደ።

የሁለቱንም ቤሪንጎች የውስጥ ቀለበት በግራና በቀኝ መቆለፍ ይፈቀዳል፤ የውጭ ቀለበት ግን የሚቆለፈው የአንዱ ብቻ ነው። የአንዱ ቤሪንግ የውጭ ቀለበት በቤቱ ውስጥ ተቆልፏል፤ የሌላው ደግሞ ግራና ቀኝ 1 ሚሜ የመንሸራተቻ ቦታ አለው። ሻፍቱ ከፍሬሙ በ40 ዲግሪ የበለጠ ቢሞቅ 900 ሚሜ ብረት በ0.43 ሚሜ ይረዝማል፤ ሁለቱም ቢቆለፉ ያ ርዝመት በሙሉ ወደ ኳሶቹ ይሄዳል፤ ቤሪንግ ውስጥ ያለው ክፍተት ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው።

የተሠራበት ቁስ

ጥቁር ኦክሳይድ የተቀባ የካርበን ብረት ተመርጧል። ቅቡ በጣም ስስ ስለሆነ የቀዳዳውን ልክ አይለውጥም። ደረቅ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ማሽን በቂ ነው።

በውኃ የሚታጠብ ማሽን ቢሆን ኖሮ አይዝጌ ብረት ያስፈልግ ነበር፤ ስሌቱ ግን እንደገና ይሠራ ነበር። የኤ2-70 አይዝጌ ብሎን መለጠጥ የሚጀምረው በ450 ሜጋ ፓስካል ነው፤ ኤም 6 ከሆነ 9,000 ኒውተን ያህል። 70 በመቶውን ብንጠቀም 6,300 ይሆናል፤ ከላይ ካለው 13,300 ግማሽ አይሞላም። አይዝጌ ኮላር ያዘዘ ሰው ብሎኑ ምን እንደሆነ ካልጠየቀ የመያዣ ኃይሉን ግማሽ ሳያውቀው ያጣል። አይዝጌ በአይዝጌ ላይ ሲጠብቅም ጥርሱ ተነካክሶ የመጣበቅ ጠባይ አለው፤ ለዚያ የሚሆን ቅባት ይፈልጋል።

አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ሲሞቅ ግን ከብረት ሻፍቱ ሁለት እጥፍ ያህል ያብጣል። በ60 ዲግሪ ጭማሪ የ25 ሚሜ ቀዳዳ ከሻፍቱ በ0.016 ሚሜ ይበልጣል። ጨባጭ ኮላር ሻፍቱን የሚያጠብቀው በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር መለጠጥ ስለሆነ ይህ መጠን የሚናቅ አይደለም።

አገጣጠም

ሻፍቱና የኮላሩ ቀዳዳ ቅባት በሚያነሳ ፈሳሽ ታጥበው ደረቁ። ከፋብሪካ የሚመጣው የዝገት መከላከያ ዘይት ቀዳዳው ውስጥ ከቀረ ሰበቃው ይወርዳል። የብሎኑ ጥርስ አልታጠበም፤ እንደመጣ ገባ።

የባለ ሁለት ቁራጩ ግማሾች ቀዳዳቸው የተበሳው በጥንድ ነው። አንዱ ኮላር ከሌላው ጋር ከተደባለቀ ቀዳዳው ክብ አይሆንም፤ ስለዚህ አንድ ኮላር ተፈትቶ ሳይገጠም ሁለተኛው አይፈታም።

የስፕሮኬቱ ኮላሮች በኪዌዩ፣ ማለትም ኪው በሚገባበት ቦይ፣ ላይ ያልፋሉ። ኪዌዩ 8 ሚሜ ስፋት አለው፤ ከ78.5 ሚሜ ዙሪያ አሥር በመቶ ያህሉን ይወስዳል። በኮላሩ ግማሾች መካከል ያለው ክፍተት ከኪዌዩ 90 ዲግሪ ርቆ ተቀመጠ፤ ክፍተቱ ኪዌዩ ላይ ከዋለ የግማሹ ጫፍ የሚደገፍበት ብረት ያጣል። የኪዌዩ ጠርዞችም በሞረድ ተለሰለሱ።

ማጥበቁ በሦስት ደረጃ ነው፦ 5፣ 10፣ ከዚያ 16 ኒውተን ሜትር፤ ሁለቱ ብሎኖች እየተፈራረቁ። በየደረጃው ሁለቱ ክፍተቶች በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) ይለካሉ፤ ልዩነታቸው ከ0.1 ሚሜ እንዳይበልጥ። አንዱን ብሎን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ማጥበቅ ግማሾቹን ያጋድላል፤ ሁለተኛው ብሎን ይታጠፋል፤ የቶርክ ቁልፉም 16 እያለ የሚያነበው የመታጠፉን ተቃውሞ ነው። በ16 ላይ ደርሶ የብሎኑ ቶርክ እንደገና ይፈተሻል፤ ሁለተኛው ሲጠብቅ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ትንሽ ይላላል። ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ግማሾቹ እርስ በርስ እየተጫኑ ነው፤ ሻፍቱ ላይ የቀረ ኃይል የለም። ያ ማለት ሻፍቱ ቀጥኗል ወይም ኮላሩ የተሳሳተ ልክ ነው።

የመሪው ዘንግ ማቆሚያዎች

ጋሪው ማቆሚያውን በሴኮንድ 0.5 ሜትር ፍጥነት ይመታል። የ12 ኪሎ ጉልበት 1.5 ጁል ነው፤ ሲታይ ጥቂት። ብረት ብረትን መትቶ በ0.2 ሚሜ ውስጥ ቢቆም ግን አማካይ ኃይሉ 7,500 ኒውተን ይሆናል። ከ6,400ው ይበልጣል፤ ለጋሪው ቤሪንግ ሲባል ዘይት የሚነካው ዘንግ ላይ ደግሞ የሰበቃ መጠኑ ከ0.12 በታች ስለሚሆን ኮላሩ የሚይዘው ከዚያም ያነሰ ነው። የኮላር ለውጥ ብቻውን ይህን ቦታ አያድነውም ነበር።

በጋሪውና በኮላሩ መካከል 5 ሚሜ የሚጨመቅ የጎማ ቀለበት ተደረገ። አማካዩ ኃይል ወደ 300 ኒውተን ወረደ። ጎማ እየተጨመቀ ሲሄድ ተቃውሞው ስለሚያድግ ከፍተኛው ከአማካዩ ሁለት እጥፍ ያህል፣ 600 ኒውተን ነው። ጎማው የሚነካው የኮላሩ ፊት ሙሉ በሙሉ ይሁን፤ ግማሹ ብቻ ከተነካ ምቱ ኮላሩን ያጋድለዋል። ጎማ ማስገቢያ ቦታ በሌለበት ሁለት ኮላር ጀርባ ለጀርባ ማስቀመጥ ኃይሉን ይደግፋል፤ ምቱን ግን አይቀንስም፤ ጋሪው ላይ ያለው ድንጋጤ እንዳለ ይቀጥላል።

ከሥራ በኋላ ፍተሻ

በእያንዳንዱ ኮላርና ሻፍት ላይ በአንድ መስመር ቀለም ተሰመረ። መስመሩ ከተቆረጠ ኮላሩ ዞሯል ወይም ሸሽቷል፤ ለማየት ማሽኑን መፍታት አያስፈልግም። ማሽኑ በሙሉ ጭነት ከሠራና ከቀዘቀዘ በኋላ ብሎኖቹ በ16 ኒውተን ሜትር ተፈተሹ። በሻፍቱ ላይ ያሉት አልተንቀሳቀሱም። የመሪው ዘንግ አንዱ ማቆሚያ ብሎን ግን ሩብ ዙር ያህል ተጨማሪ ገባ። ኮላሩ ተፈታ፤ ቀዳዳው ውስጥ ስስ የዘይት ሽፋን ነበር፤ ጋሪው ወደ ማቆሚያው ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ነው። ዘንጉ ከማቆሚያው በስተፊት 30 ሚሜ ያህል ተጠረገ፤ ኮላሩ ታጥቦ እንደገና ተገጠመ፤ በጋሪው በኩል የዘይት ጠራጊ ከንፈር ያለው ማሸጊያ ታዘዘ። እሱ እስኪመጣ ድረስ የዚህ ማቆሚያ ቶርክ ማሽኑ በቆመ ቁጥር ይፈተሻል፤ የሌሎቹ በመደበኛው ጥገና።

በማሽኑ ካርድ ላይ የተጻፈው፦ የእያንዳንዱ ቦታ የተለካ የሻፍት ውፍረት፣ የኮላር ዓይነት፣ ጭረት ያለው ፊት ወዴት እንደዞረ፣ የመጨረሻው ቶርክ፣ የሁለቱ ክፍተቶች ልክ። የስፕሮኬቱ የግራ ኮላር ክፍተቶች 1.1 እና 1.0 ሚሜ ናቸው፤ በሚቀጥለው ፍተሻ ከዚያ ጠበው ከተገኙ መጀመሪያ የሚለካው ኪዌዩ አካባቢ ያለው የሻፍት ገጽ ነው።